«ሕማም ታጋሽ» ማለት ምን ማለት ነው? ሳይዋጉ የሞቱት የሩስ መሳፍንት

ሰማዕት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ታሪክ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ንጉሡ «ለጣዖት ስገድ» ይላል፣ ምእመኑ እምቢ ይላል፣ ሰይፍ ይመዘዛል። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ሳይሞቱ ከሰማዕታት አጠገብ የምታቆማቸው ቅዱሳን አሏት። ሩሲያውያን «ስትራስቶቴርፔትስ» ይሏቸዋል፤ ሕማምን የታገሠ እንደማለት ነው። ገዳዮቻቸው ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሃይማኖታችሁን ካዱ ያላቸውም የለም። የተገደሉት ለሥልጣን ሲባል ነው፤ የተቀደሱት ክፉን በክፉ ሳይመልሱ ሞትን ስለተቀበሉ ነው።

የማዕረጉ መነሻ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ቦሪስና ግሌብ። ሕዝቡን በ988 ያስጠመቀው አባታቸው፣ መናገሻዋ ኪየቭ የነበረችው የጥንታዊቷ የሩስ አገር ልዑል ቭላድሚር፣ በ1015 ሞተ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማን ይንገሥ የሚለውን የሚቆርጥ የጸና ሕግ አልነበረም። ቭላድሚር ራሱም ገና አረማዊ ሳለ ወንድሙን ያሮፖልክን አስገድሎ ነው ኪየቭን የያዘው። ስለዚህ ታላቅ ወንድማቸው ስቭያቶፖልክ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ታናናሾቹን ሊያጠፋ ማሰቡ በዚያ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ የቦሪስ መልስ ነው።

ቦሪስ የአባቱን ጦር ይዞ ፔቼኔግ የተባሉትን ዘላኖች ሊወጋ ወጥቶ ነበር። ሳያገኛቸው ሲመለስ በአልታ ወንዝ አጠገብ መርዶው ደረሰው። ጭፍሮቹ ኪየቭ ገብተህ ንገሥ አሉት። እርሱ ግን አባቴ ከሞተ ታላቄ አባቴ ነው፣ እጄን አላነሣበትም አለ። ጦሩም ጥሎት ሄደ። ገዳዮቹ በሌሊት መጥተው፣ ጸልዮ ከጨረሰ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ በጦር ወጉት። ጊዮርጊስ የተባለ ሃንጋሪያዊ አገልጋዩ ሊከልለው በላዩ ወደቀ፤ የአንገት ወርቁን ለመውሰድ ሲሉ ራሱን ቆረጡት።

የግሌብ ሞት ግን ይበልጥ ልብ ይነካል። አባትህ ታሟል በሚል የሐሰት መልእክት ተጠርቶ በጀልባ ሲጓዝ፣ በስሞሌንስክ አቅራቢያ ያዙት፤ ታዝዞ ያረደው የገዛ ወጥ ቤቱ ነው። ገድሉን የጻፉት ሰዎች ጀግና አላደረጉትም። ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ ገና ያልበሰልኩ እሸት ነኝና አትጨዱኝ ይላል። ቅድስናው ፍርሃት አለመኖሩ አይደለም፤ እየፈራም ሰይፍ አለማንሣቱ ነው። የአንድ ቅዱስ ገድል ፍርሃትን እንዲህ ሳይደብቅ ማቆየቱ ለእኔ ከተአምራቱ ሁሉ ይበልጣል።

ልዩነቱን ለማየት የቼርኒጎቩን ልዑል ሚካኤልን ማንሣት ይበቃል። በ1246 በሞንጎሎቹ አለቃ በባቱ ሰፈር የአረማዊ ሥርዓት አልፈጽምም ብሎ ተገደለ። እርሱ ለእምነቱ የሞተ ነውና ሙሉ ሰማዕት ይባላል።

የወንድማማቾቹ ክብር ፖለቲካም አለበት። ስቭያቶፖልክን በ1019 አሸንፎ ኪየቭን የያዘው ሌላው ወንድማቸው ያሮስላቭ ነው፤ ክብረ በዓላቸውም ያደገው በእርሱ ዘር ዘመን ነው። አንድ የስካንዲኔቪያ ትረካ ውስጥ ያሮስላቭ የተባለው ንጉሥ ቅጥረኞች ወንድሙን በድንኳኑ ሲገድሉለት እናነባለን፤ በዚህ የተነሣ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ጥርጣሬያቸውን ወደ ያሮስላቭ አዙረዋል። በ1072 ሦስቱ የያሮስላቭ ልጆች የቅዱሳኑን ዐፅም በኪየቭ አቅራቢያ ባለችው በቪሽጎሮድ ከተማ በአንድነት ተሸክመው ወደ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አፈለሱ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ታናናሾች ታላቃቸውን ኢዝያስላቭን ከኪየቭ አባረሩት።

ማዕረጉ ዛሬም አልቀረም። በ1918 ከነቤተሰቡ የተረሸነው የመጨረሻው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ በ2000 በሞስኮ ፓትርያርክ ቅዱስ ሲባል የተሰጠው ይኸው ነው። ጉዳዩን ያጠናው ኮሚሽን፣ ክብሩ ለአገዛዙ ሳይሆን እስርና ሞትን ለተቀበለበት መንፈስ መሆኑን አስታውቆ ነበር፤ አገዛዙን የሚተቹት ብዙዎች ስለነበሩ ይህ መለየት ነበረበት።