ፍሎረንስ ወይስ ቦሎኛ? ማደሪያ ከተማ ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ሳምንት ጣሊያን ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር አለ። በየቀኑ ሻንጣ እያሸጉ ሆቴል መቀየር ያደክማል። አንድ ከተማ ላይ አድሮ፣ ጠዋት በባቡር ወጥቶ ማታ መመለስ ይሻላል። ታዲያ የትኛው ከተማ? ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሁለት ናቸው፤ ፍሎረንስና ቦሎኛ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ስለ ሁለቱ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም። ሰው ስንት ጊዜ ቆጥቦ ያገኘውን ዕረፍት በተሳሳተ ወሬ ሲያባክን ደግሞ ያሳዝነኛል።

"ዝነኛው ከተማ ላይ ማደር ይሻላል"

ብዙ ሰው ሳያመነታ ፍሎረንስ የሚለው ለዚህ ነው። ዝናዋ የሚገባት ነው። የኡፊዚ ሙዚየም፣ የማይክል አንጄሎ የዳዊት ሐውልት፣ ብሩኔሌስኪ የሠራው የካቴድራሉ ጉልላት፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ለእኛ ደግሞ ሌላም ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተገኝተዋል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ፍሎረንስ ራሷ ሁለትና ሦስት ሙሉ ቀን ትፈልጋለች። በየጠዋቱ ጥላችኋት የምትወጡ ከሆነ የምታገኟት ማታ፣ ሙዚየሞቹ ከተዘጉ በኋላ ነው። የፍሎረንስን የሆቴል ዋጋ ከፍላችሁ ፍሎረንስን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ማደሪያ ስትመርጡ "የቱ ያምራል?" አትበሉ። "ጠዋት ጠዋት ወዴት ነው የምሄደው?" በሉ።

"አንዱን ከመረጥኩ ሌላው ያመልጠኛል"

አያመልጥም። ካርታ ላይ በመካከላቸው የአፔኒን ተራሮች ስለሚታዩ መንገዱ ረጅም ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የፈጣን ባቡር መስመር ግን ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ከአንዱ ወደ ሌላው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በመስኮት የሚታይ ነገር ግን አትጠብቁ፤ አብዛኛው መንገድ ዋሻ ውስጥ ነው።

"ቦሎኛ ባቡር መቀየሪያ እንጂ የሚታይ ነገር የላትም"

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1088 ተመሠረተ የሚባልላት ከተማ ናት። የመንገዶቿ ዳርና ዳር በዓምድ በተደገፉ፣ ጣሪያ ባላቸው መተላለፊያዎች ተሸፍኗል። ጣሊያኖቹ ፖርቲኮ ይሏቸዋል። ሲደመሩ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ ሳትይዙ መሃል ከተማውን ትዞራላችሁ። በሐምሌ ሙቀትም ጥላው የእናንተ ነው።

ከሁሉ የምወደው ኮረብታው ላይ ወዳለው የሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ፖርቲኮ ነው። 666 ቅስቶች አሉት፤ ርዝመቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጉዞ በተመለሳችሁበት ምሽት አትሞክሩት፤ ዳገቱ ቀላል አይደለም። አንድ ጠዋት ስጡት።

ከተማው ተማሪ የሞላበት ስለሆነ ማታም ሞቅ ያለ ነው። ከባቡር ወርዶ እራት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለ እራት ካነሳን፣ በዓለም ሁሉ በቦሎኛ ስም የሚሸጠው ስፓጌቲ የቦሎኛ ምግብ አይደለም። እዚያ የስጋው ወጥ፣ ማለትም ራጉ፣ የሚቀርበው በታሊያቴሌ ነው። ታሊያቴሌ በእንቁላል የተቦካ፣ ጠፍጠፍ ያለ ፓስታ ነው። አንዴ ከቀመሳችሁት ልዩነቱ ይገባችኋል።

"ከፍሎረንስ ቶስካና ሙሉ በባቡር ይደረሳል"

ቶስካና ፍሎረንስ ያለችበት ክልል ነው። ለፒሳና ለሉካ ወሬው እውነት ነው። ፒሳ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሉካ ትንሽ በለጥ ይላል። ሲዬና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የባቡር ጣቢያው ከኮረብታው ግርጌ ነው፤ ከተማው ከላይ። አውቶቡሱ ይበልጥ ወደ መሃል ያስጠጋችኋል። በማማዎቿ የምትታወቀው ሳን ጂሚኛኖ ደግሞ ጭራሽ የባቡር ጣቢያ የላትም። ፖጂቦንሲ ወርዳችሁ አውቶቡስ ትቀይራላችሁ።

ቦሎኛ ሜዳ ላይ ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞችም በሐዲድ የተያያዙ ናቸው። ሞዴና ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ፌራራም ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ፓርማ አንድ ሰዓት። ቬኒስ እንኳ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ናት።

ራቬናን ግን እንዳትዘሏት አደራ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ይላል። በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የሞዛይክ ሥዕሎቿ ዛሬም ያበራሉ። የፍሎረንሱ ባለቅኔ ዳንቴም የተቀበረው እዚያ ነው። ከትውልድ ከተማው ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1321 ራቬና ላይ ሞተ። ፍሎረንስ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችለት መቃብር ባዶውን ነው።

"ቲኬት ሁሉ አስቀድሞ መቆረጥ አለበት"

ለፈጣን ባቡር አዎ፤ ቀደም ብሎ የቆረጠ ብዙ ጊዜ ይረክስለታል። በአቅራቢያ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው የክልል ባቡር ዋጋ ግን ያው ነው፤ ዛሬ ቢቆረጥም ከወር በፊት ቢቆረጥም አይለወጥም። የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን አስመቱት። ካላስመታችሁ ቅጣት አለ።

ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ፈጣን ባቡሮች ከመሬት በታች ካለው ክፍል ነው የሚነሱት። በርካታ ደረጃ መውረድ አለ። አሥር ደቂቃ ጨምራችሁ ድረሱ።

"ቦሎኛ ሁልጊዜ ርካሽ ናት"

አብዛኛውን ጊዜ ናት። ትልልቅ የንግድ ትርዒቶች ሲኖሩ ግን የሆቴል ዋጋ ይተኮሳል። የሕፃናት መጻሕፍት ትርዒት በጸደይ፣ የሴራሚኩ በመስከረም ነው። ቀናችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት የትርዒቶቹን ቀን ተመልከቱ።

"አንዱን ብቻ መምረጥ ግዴታ ነው"

ሰባት ሌሊት ካላችሁ ግዴታ አይደለም። እኔ ብሆን አራቱን ቦሎኛ፣ ሦስቱን ፍሎረንስ አድር ነበር። ሻንጣ የሚታሸገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መንገዱም 40 ደቂቃ። የፍሎረንሱ ቆይታችሁ ሰኞን ከነካ ኡፊዚም የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዴሚያም ዝግ ናቸው። ያን ቀን በጠዋት ተነሱና አውቶቡስ ይዛችሁ ሲዬና ሂዱ።