ጠርሙሱ ሲንተከተክ፦ ስለ ሲፓፕ የሰማሁት እና እውነታው

ልጄ የተወለደው በ30 ሳምንቱ ነው። 1 ኪሎ ከ300 ግራም። የወለድኩት መሀል አዲስ አበባ ነው፤ እሱም እዚያው ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ገባ። ሰፈራችን "ሙቀት ክፍል" የሚለው ማለት ነው። አፍንጫው ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦ ገባለት። አጠገቡ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ቀን ከሌት ይንተከተካል። ሲፓፕ ይሉታል፤ ለመተንፈስ የሚያግዝ መሣሪያ ነው። ውጪ አግዳሚ ላይ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው የሚጠብቁት ዘመዶቼ ደግሞ የየራሳቸው ትንታኔ ነበራቸው። ግማሹን እኔም አምኜ ነበር።

"ኦክስጅን ላይ ከዋለማ አለቀለት።"

እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ልትዘቀዝቅ ምንም አልቀራት። አልፈርድባትም። እኛ ኦክስጅን የምናውቀው ለታመመ ትልቅ ሰው፣ ያውም መጨረሻ ላይ ነው። ሲፓፕ ግን ሕፃኑ መተንፈስ እንዳስቸገረው፣ አቅሙ ሳያልቅ ነው የሚጀመረው።

ደግሞ ሲፓፕ ማለት ኦክስጅን ማለት አይደለም። ይሄ እኔንም ቆይቶ ነው የገባኝ። ዋናው ሥራው ግፊት ነው። ፊኛ ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ጉንጭ ታሳምማለች። ትንሽ አየር ከያዘ በኋላ ይቀላል። ሳንባም እንደዚያው ነው። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ነገር አለ። እሱ በበቂ መጠን የሚኖረው ከ34 ወይም 35 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ቀድሞ የመጣ ልጅ ያጥረዋል። ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይጣበቁና ፊኛውን እንደገና ከባዶ ይነፋል። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉደው፣ የሚያቃስተውም ለዚህ ነው። ሲፓፕ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ትንሽ አየር ያስቀርለታል። የሚተነፍሰው ግን ራሱ ልጁ ነው። ጉሮሮው ውስጥ የገባ የመተንፈሻ ቱቦ የለም።

ጠርሙሱስ? የአየር መውጫው ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። 5 ሴንቲሜትር ከጠለቀ ግፊቱ ያንኑ ያህል ነው። ግፊቱ እንዲቀንስ ቱቦው ከፍ ይደረጋል፣ እንዲጨምር ደግሞ ይጠልቃል። ይኸው ነው! ሲፓፕን ለጨቅላዎች የዛሬ 50 ዓመት ገደማ፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ ያስተዋወቁት ጆርጅ ግሪጎሪ እና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሳን ፍራንሲስኮ። ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ የሳንባ ችግር ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞቷል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ሆኖ።

"ኦክስጅኑን ጨምሩለት፣ ምን ያሰስታችኋል?"

የአክስቴ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። አንዳንዱ ሕፃን ሲፓፕ ላይ ሆኖም ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የዓይኑ ደም ሥሮች ገና አድገው አልጨረሱም፤ የበዛ ኦክስጅን ያበላሻቸዋል። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ሕፃናት በዚህ ምክንያት ታውረዋል። ስለዚህ ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ጨቅላ፣ እግሩ ላይ የታሰረችው ቀይ መብራት የምትለካው የደሙ ኦክስጅን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 95 እንዲሆን ነው የሚፈለገው። እኔ 100 ሳይ እልል ልል ነበር። ሲስተሯ መጥታ ኦክስጅኑን ቀነሰችው።

"ይለምደውና አይለቀውም።" አይለምደውም። ሳንባው ሲበረታ ይነሳለታል። አንዳንዱ ተነስቶለት ይደክመውና ይመለሳል፤ የኔም አንዴ ተመልሷል። ሱስ ስለያዘው አይደለም።

"እንዳትነኪው!"

በዚህኛው ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ሦስት ቀን ሙሉ እሺ ብያቸው ሳልነካው ቆይቻለሁ። በአራተኛው ቀን ሐኪሟ ራሷ "ለምን አታቅፊውም?" አለችኝ። ቱቦው እንዳለ፣ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ፣ ገላ ለገላ ደረቴ ላይ አስተኙት። ከላይ በነጠላ ሸፈኑን። የካንጋሩ እንክብካቤ ይባላል፤ ሲፓፕ አይከለክለውም። ወተቴንም እያለብኩ በአፉ በገባች ቀጭን ቱቦ ይወስድ ነበር። ሆዱ ነፋ ብሎ ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ለሲስተሯ ንገሩ። ሲፓፕ አየር ወደ ሆድም ይልካል፤ በዚያችው ቱቦ ያስወጡለታል። ሌላ ነገር ከሆነም እነሱ ያዩታል።

የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አይበረክትም የሚሉም ነበሩ። ተረት ነው። ማህፀን ውስጥ የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ትጠቅመዋለች።

የመጨረሻው "ያ ድምፅ ያስፈራል" የሚለው ነው። መጀመሪያ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። አንድ ሌሊት ግን ጠርሙሱ ዝም አለ። መንተክተኩ ከቆመ አየር የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ብለውኝ ስለነበር "ሲስተር!" ብዬ ጮህኩ። ቱቦው ከአፍንጫው ወጥቶ ኖሯል። አስተካከለችው፤ ውሃው እንደገና ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ።

ጠዋት እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "እንዴት አደረ?"

"እየተንተከተከ ነው" አልኳት።

"ተመስገን" ብላ አጥሚቱን ቀዳችልኝ።