ሳክሽን ሎስ ምንድን ነው?

ማራኪ ግቢ የሚማረው የአክስቴ ልጅ መነጽር ሰልችቶታል። ለሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ቀጠሮ ይዟል። ጎንደር ፒያሳ ሻይ እየጠጣን «ይሄ ሳክሽን ሎስ የሚሉት ምንድን ነው? ዓይኔን ካንቀሳቀስኩ አለቀልኝ?» አለኝ።

ዋግምት ታውቃለህ አይደል? አልኩት። ቆዳን ምጥጥ አድርጎ ይይዛል፤ በጎን አየር ከገባ ግን ይላቀቃል። ላሲክ በሚባለው አንተ በምትሠራው ዓይነት የሌዘር ቀዶ ሕክምናም ዓይን ላይ የሚቀመጠው ቀለበት እንዲሁ መጥጦ ነው የሚይዘው። ሥራው ሳያልቅ ከተላቀቀ ሳክሽን ሎስ ይባላል።

ለምን ይያዛል? ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክዳን በሌዘር ወይም በምላጭ ይቆረጣል፤ ክዳኑ ተገልጦ ከሥሩ ያለው ኮርኒያ በሌላ ሌዘር ይቀረጻል። ትንሽ መንሸራተት ቆረጣውን ያበላሻል።

ቀለበቱን የሚያላቅቀው በአብዛኛው ዓይን መጭመቅ ነው። ሲመጥጥ ዓይን ይከብዳል፣ እይታም ይደበዝዛል ወይም ይጨልማል። ይሄን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ደንግጦ ቢጨምቅ አይፈረድበትም። የዓይን ነጩ ክፍል ሽፋን ላይ ጠባሳ ካለም ቀለበቱ በደንብ አይይዝም። ትራኮማ በማይጠፋበት በእኛ አገር ደግሞ የልጅነት የዓይን ሕመምን ለሐኪሙ መናገር ደግ ነው።

ከተላቀቀስ? ክዳኑ በሌዘር እየተቆረጠ ከሆነ ሌዘሩ ይቆማል። ሐኪሙ የት እንደደረሰ ያያል። ገና ጅምር ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀለበቱን መልሶ በዚያው ጥልቀት ይደግመዋል። ጠርዙ ብቻ ከቀረ ጠርዙን ትንሽ አጥብቦ ይቆርጣል። በምላጭ ሲሆን ግን ይከፋል፤ ክዳኑ ጎዶሎ ወይም ቀዳዳ ያለው ሊወጣ ይችላል። ያኔ ኮርኒያውን የሚቀርጸው ሌዘር አይተኮስም። ክዳኑ ቦታው ላይ ተመልሶ እስኪድን ይጠበቃል። ከወራት በኋላ ክዳን በማያስፈልገው ዘዴ፣ ፒአርኬ በሚባለው፣ ሊሠራ ይችላል። «ዛሬ ይቅር» የሚል ሐኪም ካጋጠመህ አትቀየመው፤ እኔ እንደውም እሱን ነው የማምነው።

የሚቀርጸው ሌዘር ሲሠራ ግን ቀለበቱ ተነስቷል። መሣሪያው ራሱ ዓይንን እየተከታተለ ይተኩሳል፤ ዓይን ከሸሸበት ይቆማል።

«ቀለበቱ ስንት ደቂቃ ይይዘኛል?» አለ።

በሌዘር ከሆነ 20 ሰከንድ ገደማ።

ዓይኑን የስኳሩ ዕቃ ላይ ተክሎ መቁጠር ጀመረ። 14 ላይ ሳቁ አመለጠው።