ዓለምን የቀየሩ ቀኖች በአዳማ፦ ከባቡር ሐዲድ እስከ ነፋስ ኃይል

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ልጆቻችን የዓለም ታሪክ ሲማሩ በፈረንጁ አቆጣጠር 1914፣ 1939፣ 1945፣ 1989 እያሉ ቀን ይሸመድዳሉ። ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። የሩቅ አገር ጉዳይ ስለሚመስላቸው ነው። እነዚያ ቀኖች ግን እዚሁ ሰፈራችን ድረስ መጥተዋል። የግድቡ፣ የሐዲዱና የሸንኮራ አገዳው ታሪክ ሲቆፈር መነሻው ፓሪስ ወይም ጃካርታ ላይ ይገኛል። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ያንን አንድ ላይ አሰባስቦ የያዘ ጽሑፍ ስለጠፋ ነው። ስለ ቆቃ ግድብና ስለ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የተጻፈው ከሌላው ስለሚበዛ፣ እዚያ ላይ ረዘም ይላል።

ስለ ቀን አቆጣጠሩ

ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀምጠዋል። የፈረንጁ ሲመጣ እ.ኤ.አ. ተብሏል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጁ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ 8 ይሆናል። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ወረረን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም የሆኑት በአንድ ዓመት ነው። በፈረንጁ ግን የመጀመሪያው 1935፣ ሁለተኛው 1936 ነው። ይህን ያልለየ ልጅ ጦርነቱን አንድ ዓመት ከግማሽ ያደርገዋል።

ስሟ

አዳማ የሚለው ስም የመጣው «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ቁልቋል ማለት ነው። ከተማዋን ዙሪያዋን ያየ ሰው ለምን እንደተባለ አይጠፋውም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች። ስሙ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። የቆቃ ሐይቅም ገሊላ መባሉ ከዚያው የመጽሐፍ ቅዱስ ስያሜ ጋር ይሄዳል። በ1992 አዳማ የቀድሞ ስሟን በይፋ መልሳ አገኘች። ዛሬም ግን «ናዝሬት ነው የምሄደው» የሚል መንገደኛ ሞልቷል፤ ማንም አይቆጣውም።

ሐዲዱ

ኅዳር 1862 ላይ የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። በአውሮፓና በእስያ መካከል የሚመላለሱ መርከቦች በቀይ ባሕር ማለፍ ጀመሩ። ፈረንሳይም በዚሁ መንገድ ላይ ጅቡቲን ያዘች። አፄ ምኒልክ በ1886 የባቡር ግንባታ ፈቃዱን ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዩ ነጋዴ ከሼፍኔ ጋር ነበር የሚሠራው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ አድዋ ላይ ድል ሆነ። ሥራው ጅቡቲ ላይ የተጀመረው ከአድዋ በኋላ ነው። ያኔ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ፊት ለፊት የምትነጋገር አገር ሆናለች።

ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው ታኅሣሥ 1895 ነው። እዚያ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ የባለቤትነት ክርክርም ገባ። ለዓመታት ቆመ። በኋላ በአዲስ ኩባንያ ቀጥሎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዳማን አልፎ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ጊዜውን አስተውሉት። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትታመስ ነው የእኛ ባቡር ዋና ከተማ የደረሰው። መስመሩ በድምሩ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

አዳማን ከተማ ያደረጋት ይኸው ሐዲድ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ባቡሩ ሲቆም ሻይ የሚሸጥ ይመጣል፣ ቤርጎ የሚከፍት ይመጣል፣ እህል የሚጭን ይመጣል። ከአርሲ የሚወጣው ስንዴና ገብስ እዚህ ይራገፋል። ፈረስ ጋሪ ጭነቱንም ሰውንም ያመላልሳል። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት የከተማዋ መታወቂያ ጋሪ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው አዳማን ሲያስታውስ መጀመሪያ የሚያነሳው የፈረሶቹን ቃጭል ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928

ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ከተሸነፍን በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ያለው ሐዲድ አንድ ነው፤ ባቡሩ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ነው ያለፈው። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት አቤቱታ በዓለም የታወቀ ነው። ወደዚያ መድረክ የወሰደው ጉዞ በእኛ ጣቢያ እንዳለፈ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። ይህ ቀን ለእኛ ትልቅ ነው። አርበኞቻችን ብቻቸውን ሲዋጉ ከርመው የዓለም ጦርነቱ ሁኔታውን ቀየረው። በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል የገፋው የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ ጣሊያን ከገባበት ቀን ጋር ልክ አምስት ዓመት።

የፓሪሱ ውልና የቆቃ ግድብ

የካቲት 3 ቀን 1939 አሸናፊዎቹ አገሮች ፓሪስ ላይ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል ተፈራረሙ። ኢትዮጵያም ፈራሚ ነበረች። በውሉ መሠረት ጣሊያን ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለሶቪየት ኅብረት 100 ሚሊዮን፣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን፣ ለአልባኒያ 5 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። አምስት ዓመት በመርዝ ጋዝና በእሳት ለተጨፈጨፈ ሕዝብ 25 ሚሊዮን ትንሽ ናት። እሷም ብትሆን በሙሉ አልተከፈለችም። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በ1948 ስምምነት ላይ ሲደረስ ገንዘቡ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ጣሊያኖቹ ከፊሉን «የኢኮኖሚ ትብብር» ብለው መጥራት መርጠዋል። እኛ ካሳ ነው የምንለው፤ ካሳም ነው።

በዚያ ገንዘብ አዋሽ ተገደበ። የቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ጀመረ። ጉልበቱ 43 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን የአዲስ አበባም፣ የአካባቢው ፋብሪካዎችም መብራት ከዚህ ይወጣ ነበር። ግድቡ የአዋሽን ፍሰት ስላስተካከለው ከታች በ1966 እና በ1971 እ.ኤ.አ. አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት ማመንጫዎች ተጨመሩ። እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው። አንድ ጊዜ የተያዘ ውሃ ሦስት ጊዜ መብራት ይሆናል ማለት ነው። በመስኖው በኩልም እንዲሁ ነው። በወንዙ ዳር ከታች ያሉት ሰፋፊ እርሻዎች በጋውን የሚሻገሩት ቆቃ በያዘው ውሃ ነው።

ሐይቁ የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም። የሚያርሱትና ከብት የሚያግዱበት ሰዎች ነበሩ፤ ለቀው ሄደዋል። ይህ ከግድቡ ታሪክ ጋር አብሮ መነገር አለበት። ሌላው ችግር ደለሉ ነው። አዋሽ ከላይ የሚያመጣው አፈር ሐይቁን እየሞላው ነው፤ እምቦጭም ገብቶበታል።

ዛሬ ከሞጆ ወደ ዝዋይ በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሰው ቆቃ ላይ ይቆማል። ዓሣ ይጠበሳል። ዳጣ በትንሽ ሳህን ይቀርባል፣ እንጀራ ወይም ዳቦ ይመረጣል። ልጆች ጥሬውን ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ለመኪናው መስኮት ያሳያሉ። የዓሣው ቤት የፓሪስ ውል ነው ቢባሉ ይገረማሉ።

ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ወንጂ ተተከለ

ነሐሴ 11 ቀን 1937፣ ጃፓን እጅ መስጠቷን ባስታወቀች በሁለተኛው ቀን፣ ሱካርኖ ጃካርታ ላይ የኢንዶኔዥያን ነፃነት አወጀ። ቅኝ ገዥዋ ሆላንድ አልተቀበለችም፤ አራት ዓመት ተዋጋች። በመጨረሻ ታኅሣሥ 18 ቀን 1942 ነፃነቷን አወቀችላት። በኢንዶኔዥያ ሰፋፊ የስኳር እርሻ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ሌላ አገር መፈለግ ያዘ። በ1943 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። የተሰጠው መሬት ከአዳማ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ዳር ያለው የወንጂ ሜዳ ነው።

ያ ሜዳ የጅሌ ኦሮሞዎች የግጦሽ መሬት ነበር። ረግረግ ነው፣ ወባ አለው። ኩባንያው ቦይ ቀደደ፣ ሜዳውን አጠነፈፈ፣ አገዳ ተከለ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ስኳር አወጣ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ነው። ሸዋ የሚባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. ተጨመረ። ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ሠራተኛ መጣ፤ አገዳ መቁረጥ ቀላል ሥራ አይደለም። በየካምፑ ኦሮምኛ፣ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛና አማርኛ ተቀላቀሉ። የወንጂ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ መስማቱ ከዚህ የመጣ ነው።

በአገር ውስጥ የሚመረት ስኳር መገኘቱ የአገሪቱን ሻይ መጠጣት ቀየረው ብል ማጋነን አይሆንም። ደስታ ከረሜላንም ያደረሰን ወንጂ ነው። አገዳ የጫነ ተጎታች ሲያልፍ ልጆች ከኋላ ሮጠው አንዷን ስበው ያወጣሉ። በጥርስ ይላጣል፣ ይመጠጣል፣ ገለባው መንገድ ዳር ይቀራል።

ጥርስን ካነሳን አይቀር፣ የወንጂ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ነው። ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ የጉድጓዱ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ይኖራል። በካምፑ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ። በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች ወገባቸውና አንገታቸው የደረቀባቸው አሉ። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑት የኖሩት ጉዳይ ነው። ውሃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎች በኋላ ገቡ። በቡናማ ጥርሱ የሚያፍር ወጣት ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አገሪቱን ሻይ ያጣፈጡት ወላጆቹ ናቸው።

ጥር 1967 ላይ ደርግ ፋብሪካዎችን ወረሰ፣ ወንጂም የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በፊት በ1966 መግቢያ የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲያግዱ ዋጋው ጨምሮ የታክሲ ነጂዎችን አድማ አስከትሎ ነበር፤ አብዮቱን ካቀጣጠሉት አንዱ እሱ ነው። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ዘመናቸውን ጨርሰው በአዲሱ የወንጂ ሸዋ ፋብሪካ ተተክተዋል።

ከበርሊን ግንብ በኋላ

የበርሊን ግንብ ጥቅምት 30 ቀን 1982 ተከፈተ፤ የሶሻሊስቱ ጎራ ድጋፍ የራቀው ደርግም ግንቦት 20 ቀን 1983 ወደቀ። አገሪቱ በክልሎች ተዋቀረች።

በ1992 የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫውን ከፊንፊኔ ወደ አዳማ አዛወረ። ውሳኔው ከባድ ተቃውሞ አስነሳ፤ ተማሪዎች ተቃወሙ። አንዳንዶች የኦሮሞን የዋና ከተማ ጥያቄ ለማዳከም የተደረገ ነው ይላሉ፤ መንግሥት በበኩሉ የአስተዳደር ጉዳይ ነው ብሏል። ሰኔ 1997 ላይ መቀመጫው እንዲመለስ ተወሰነ። በእነዚያ ዓመታት ግን ከተማችን ዋና ከተማ መሆን እንደማያቅታት አሳይታለች። አገር አቀፍ ስብሰባ ዛሬም አዳማ ላይ መደረጉ፣ አባ ገዳ አዳራሽም መሙላቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ግንቦት 1990 ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ ወደብ ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል ሆነ። ከባድ መኪናው ሁሉ በአዳማ መሃል ማለፍ ያዘ።

ቻይና

ጥቅምት 14 ቀን 1964 ሕዝባዊት ቻይና በተባበሩት መንግሥታት ወንበሯን አገኘች። ኢትዮጵያ ከእሷ ጋር ግንኙነት ከጀመረች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም ነበር። ታኅሣሥ 1971 ላይ ደግሞ ቤይጂንግ ውስጥ ኢኮኖሚውን የመክፈት ውሳኔ ተላለፈ። የዚህ ውሳኔ ፍሬ አዳማ የደረሰው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በ2004 አዳማ አንድ የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይን ይዞ ተመረቀ፤ 51 ሜጋ ዋት ነው። በ2007 አዳማ ሁለት 102 ተርባይን ይዞ ተከተለ፤ 153 ሜጋ ዋት። ሁለቱም በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች የተሠሩ ናቸው። አንዱ ተርባይን አንድ ሜጋ ዋት ተኩል ነው፤ ሠላሳ ያህሉ ሲሽከረከር ቆቃን ያክላል። የአዳማ ሰው «ይሄ ነፋስ አቧራ ከማቡነን ሌላ ምን ሊጠቅም ነው» እያለ የኖረበት ነፋስ ነው። በ2007 መባቻ ደግሞ 85 ኪሎ ሜትር የሆነው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ተከፈተ። በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ነው።

መስከረም 25 ቀን 2009 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ላይ አይሄድም። አዲሱ ጣቢያ ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ ነው የተሠራው፤ መንገደኛው በባጃጅ ይሄዳል። አሮጌው ጣቢያ መሃል ከተማ ነው።