የጨንቻ አፕል ምንድን ነው?

«የጨንቻ አፕል ዝርያ ችግኝ አለን» የሚል ማስታወቂያ ደጋግሜ አያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ከዚህም አልፎ ሲያስረዳ ሰማሁት። «የጨንቻ አፕል ሀገር በቀል ዝርያ ነው። ፍሬውን ብሉና ዘሩን ትከሉት፤ ያንኑ የጨንቻ አፕል ይሰጣችኋል።» ሰሚዎቹ አመስግነውት ሄዱ። ምክሩን የተከተለ ሰው ግን ዓመታት ጠብቆ ያልፈለገውን ፍሬ ነው የሚያገኘው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጨንቻ ቦታ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። አፕል የትውልድ ቦታው መካከለኛው እስያ ነው፤ ጨንቻ የደረሰውም ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሚስዮናውያን እጅ ነው። በየጓሮው ያሉት ዛፎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። አና የሚባል ዝርያ አለ። ዶርሴት ጎልደን፣ ፕሪንሴሳ፣ ግራኒ ስሚዝ አሉ። ሌሎችም አሉ። አና እስራኤል ውስጥ የተዳቀለ ነው። ዶርሴት ጎልደን ባሃማስ ውስጥ የተገኘ፣ ፕሪንሴሳ ደግሞ ከብራዚል የመጣ ነው። «የጨንቻ አፕል» ማለት እንግዲህ ጨንቻ ላይ የበቀለ አፕል ማለት ነው እንጂ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም።

ቦታው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ቀዝቃዛ ሌሊትና ፀሐያማ ቀን የቀይ አፕልን ቀለም ያደምቃሉ። አንዱ ዝርያ በሁለት ቦታ ሲበቅል ጣዕሙ ሊለያይ ይችላል። ለጨንቻ ደጋ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ ገበያ ላይ በስሙ ቢሸጥም ይገባዋል። ግን ደጋውን ከችግኙ ጋር ጠቅልላችሁ ይዛችሁ አትሄዱም። ይዛችሁ የምትሄዱት ዝርያውን ብቻ ነው።

ታዲያ ዝርያ ምንድን ነው? በአፕል ነገር ዝርያ ማለት አንድ ዛፍ ነው። ግራኒ ስሚዝን እንውሰድ። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ አጠገብ፣ ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ ሴት ይዞታ ላይ አንድ የአፕል ችግኝ በአጋጣሚ በቀለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ግራኒ ስሚዝ በሙሉ የዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የቅርንጫፉም ቅርንጫፍ ነው። ማንም ከዘር አላባዛውም። ቢሞከርም አይሆንም።

የማይሆንበት ምክንያት ይኸው። አፕል በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። ንብ ከሌላ ዝርያ ዱቄት ታመጣለታለች። ስለዚህ በፍሬው ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ዘር እናትም አባትም አላት፤ የሁለቱ ድብልቅ ናት። አምስት ዘር ብትተክሉ አምስት የተለያዩ ዛፎች ይወጣሉ። አንዱ መራራ፣ አንዱ ጎምዛዛ፣ አንዱ ትንንሽ ፍሬ ያለው። ጥሩ የሚባል የመውጣቱ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው።

«እኔ ከዘር አብቅዬ አፈራልኝ እኮ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አምናለሁ። ግን ያፈራው የበላኸው አፕል አይደለም። አዲስ አፕል ነው፤ ስምም የለው። ለመቅመስም ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ሊያስጠብቅህ ይችላል።

የጋሞ ገበሬ ይህን ለመረዳት የእኔን ማብራሪያ አይፈልግም፤ እንሰት ያለማላ። እንሰት በዘር አይተከልም። አሚቾው ተቆፍሮ ይወጣል፣ መሀሉ ያለው እምቡጥ ይነሳል፣ ተመልሶ አፈር ይለብሳል። ከዚያ ዙሪያውን ቡቃያ ያወጣል። እያንዳንዱ ቡቃያ ያችው እናቱ ናት። ለቆጮ የተመረጠው ለቆጮ ሆኖ፣ ለቃጫ የተመረጠው ለቃጫ ሆኖ ይቀጥላል። ጎረቤት ከጎረቤት ቡቃያ ሲቀባበል ስሙም አብሮ ይሄዳል። የአንዱ ጓሮ ቢደርቅ የሌላው ጓሮ ውስጥ ያለው ያው እሱ ነው። የአፕል ዝርያም እንዲሁ ነው የሚኖረው፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ። በሽታውም እንዲሁ ነው የሚጓዘው። አጠውልግ የያዘው እንሰት ቡቃያ በሽታውን ይዞ አዲስ ማሳ ይገባል። ቫይረስ ካለበት የአፕል ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍም ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል፤ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ቅርንጫፍ የሚወሰደው ታሪኩ ከሚታወቅ ዛፍ ነው። ቢላውም ከዛፍ ዛፍ ሲሄድ በአልኮል ይጠረጋል። ልዩነታቸው ግን ስሙ ላይ ነው። የእንሰት ስም ትውልድ ተሻግሮ ሲቆይ የአፕሉ ስም መንገድ ላይ ጠፍቶ በቦታው «ጨንቻ» ገባበት።

ሁለቱ የሚለያዩበት ሌላም ነገር አለ። እንሰት በራሱ ሥር ይቆማል። የአፕል ቅርንጫፍ ግን ቆርጠው ቢተክሉት በቀላሉ ሥር አይሰድም። ስለዚህ ሥር ይበደራል። ግራፍቲንግ የምንለው ይኸው ነው፤ የምትፈልጉትን ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ አፕል ሥር ላይ ማጣበቅ። ሥር የሚሰጠው ሩትስቶክ ይባላል። ከላይ ያለው ዝርያ የፍሬውን ጣዕምና መልክ ይወስናል። ሩትስቶኩ ደግሞ የዛፉን ቁመትና የሚያፈራበትን ጊዜ። ኤም 9 የሚባለው ሩትስቶክ ዛፉን አጭር ያደርገዋል፣ ቶሎም ያስፈራዋል፤ ግን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤም ኤም 106 መካከለኛ ነው፤ ውኃ የሚያቁር አፈር ላይ ግን አንገቱ ይበሰብሳል። ኤም ኤም 111 ድርቅን የተሻለ ይቋቋማል። ችግኝ ስትተክሉ የተጣበቀበት ቦታ ከአፈር በላይ ይሁን። ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ሊያወጣ ይችላል፤ ያኔ ለሩትስቶኩ የከፈላችሁት ገንዘብ በከንቱ ቀረ።

የዝርያ ስም መጥፋት ዋጋ የሚያስከፍለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቅዝቃዜ ላይ ነው። አፕል በደንብ ለማበብ በዕረፍቱ ጊዜ ብርድ ማግኘት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 ዲግሪ በታች ባለው ሰዓት ይለካል። ለአና ከ200 እስከ 300 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ወደ 1,000 ሰዓት የሚጠጋ የሚፈልጉም አሉ። ረጅም የብርድ ወቅት በሌለበት ደጋ ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጅ አራግፎ ዛፉን መቀስቀስ ይቻላል፤ ግን ይህም ሁሉን ዝርያ አያድንም። «የጨንቻ አፕል» ብሎ ገዝቶ ሞቃት ቦታ የተከለ ሰው ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ አበባ ቢነፍገው አይግረመው። የገዛውን አያውቀውምና።

ሁለተኛው ለቀማ ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ አፕል የሚበላሸው ሲለቀም ነው። ሰው ቅላት ይጠብቃል። ግራኒ ስሚዝ ደርሶም አረንጓዴ ነው። ጎልደን ዴሊሼስ ቢጫ ነው። ቀይ ዝርያዎች ደግሞ ውስጣቸው ሳይደርስ ቆዳቸው ቀልቶ ሊያታልል ይችላል። ማየት ያለባችሁ ከቅላቱ ሥር ያለውን ቀለም ነው፤ ከደማቅ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ማድላት ጀምሯል ወይ? አንዱን ቁረጡና ዘሩን እዩ። ነጭ ከሆነ ጊዜው ገና ነው፤ ቡናማ ከሆነ ተቃርቧል። ዘሩ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ቶሎ በሚደርሱ ዝርያዎች ላይ ያሳስታል። የተሻለው አዮዲን ነው። ግማሹን ፍሬ አዮዲን ሲነካው ስታርች ያለበት ቦታ ይጠቁራል፤ ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ስታርቹ ስኳር ስለሚሆን ጥቁሩ ከመሀል ጀምሮ ይጠፋል። ለማቆየት ከሆነ ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ልቀሙ።

ስትለቅሙ አትጎትቱ። በመዳፍ ይዛችሁ ወደ ላይ ቀና አድርጉት፣ ትንሽ አዙሩት። የደረሰ ከነቀጭን እንጨቱ ይለቃል። ከጎተታችሁት ፍሬው የተቀመጠበት አጭር ቅርንጫፍ አብሮ ይገነጠላል፤ የሚመጣው ዓመት ፍሬ ያለው እዚያ ላይ ነው። አና ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ለቅሞ ቶሎ መሸጥ ነው። ይህን ሁሉ ለመወሰን የዝርያውን ስም ማወቅ የግድ ነው።

ችግኝ ስትገዙ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ዝርያው ማን ይባላል? ሩትስቶኩስ? «ጨንቻ» የሚል መልስ ለሁለቱም መልስ አይሆንም። አንድ ዝርያ ብቻም አትግዙ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን አብረው ቢተከሉ አንዱ ለሌላው ዱቄት ይሰጣል። ዱቄቱ ፍሬውን ይለውጠዋል ብላችሁ አትስጉ። የአና ዛፍ ከማንም ዱቄት ቢቀበል ፍሬው አና ነው፤ የሚለወጠው ዘሩ ብቻ ነው።

ዘር መትከል የሚወድ ሰው ይትከል፤ አልቃወምም። አናም ራሱ የተወለደው ከጎልደን ዴሊሼስና ከሌላ ዝርያ ተዳቅሎ ከዘር ነው። ያ ግን የአዳቃዮች ሥራ ነው፤ ብዙ ችግኝ አብቅለው አብዛኛውን ይጥላሉ። ጓሮው ለጥቂት ዛፍ ብቻ የሚበቃ ሰው ከዘር ያበቀለውን ለሥርነት ይጠቀምበት፤ እርሳስ ያህል ሲወፍር ስሙ የታወቀ ዝርያ ያጣብቅበት። ዛፉ ትልቅ ይሆናል፣ ለማፍራትም ይዘገያል። ሲያፈራ ግን የተጣበቀውን ዝርያ ፍሬ ይሰጣል።