የሌዘር ድግግሞሽ መርጋት በሶዲየም ሊዳር የሙቀት ልኬት

ሶዲየም ሊዳር ከ80 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የከባቢ አየር ሙቀት ከምድር ሆኖ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ ነው። እዚያ ፊኛ አይደርስም፤ ሮኬትም አልፎ ከመሄድ በቀር አይቆይም። ተወርዋሪ ኮከቦች ተቃጥለው የሚተዉት የሶዲየም አተም ግን ሁልጊዜ አለ። 589 ናኖሜትር ብርሃን ሲያርፍበት ያንኑ ይረጫል፤ የተረጨውንም ቴሌስኮፕ ይሰበስበዋል።

አተሞቹ በሞቁ ቁጥር ስለሚፈጥኑ ብርሃን የሚቀበሉበት የድግግሞሽ መስመር ይሰፋል። ሙቀቱም የሚነበበው ከዚህ ስፋት ነው። በ200 ኬልቪን የመስመሩ መደበኛ ልይይት 456 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲሆን ይህ ከራሱ ከብርሃኑ ድግግሞሽ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ነፋስ ደግሞ መስመሩን ስለሚያሸሽ፣ ሌዘሩ በ1.7 ሜጋኸርዝ ብቻ ቢንሸራተት በሰከንድ 1 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ መስሎ ይታያል።

በዚህ መንገድ ሙቀት የተለካው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1979 በእንግሊዝ ነው። በ1985 የኖርዌይ አንዶያ ልኬት ተከተለ። ሌዘሩን ከራሱ ከሶዲየም ጋር አስሮ ማርጋት የተሠራበት ስፍራ ግን በአሜሪካ ፎርት ኮሊንስ የሚገኘው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው በ1990 የታተመው የቺያዎ-ያዎ ሺ ቡድን ያደረገው እንዲህ ነው። ያለማቋረጥ የሚያበራው ዳይ ሌዘር (በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ሌዘር) ጨረር የሶዲየም ተን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋል። ሁለቱም ጨረሮች በአንድ ጊዜ የሚያገኙት በጨረሩ መስመር የማይንቀሳቀሱትን አተሞች ብቻ ስለሆነ በሰፊው መስመር ጫፍ ላይ ቀጭን ስርጉድ ይታያል። ሌዘሩ እዚያ ስርጉድ ላይ ይታሰራል፤ ማለትም ድግግሞሹ ከዚያ እንዳይንሸራተት ይያዛል። የብልቃጡ መስኮቶች ሶዲየሙ ከተቀመጠበት ክፍል መሞቅ አለባቸው፤ ካልሞቁ ሶዲየሙ መስታወቱ ላይ ይለበጥና ምልክቱ ይደበዝዛል።

ቀደም ሲል ሌዘሩ በሁለት የመስመሩ ነጥቦች መካከል እየተመላለሰ በየጊዜው እንደገና መታሰር ነበረበት። ከ1994 ወዲህ አንድ እስር በቂ ሆነ። ጨረሩ በ315 ሜጋኸርዝ የድምፅ ሞገድ በሚርገበገብ ክሪስታል ውስጥ ሁለት ጊዜ እያለፈ ወደ ላይም ወደ ታችም 630 ሜጋኸርዝ ይሸሻል። የእስሩ ስህተት በአብዛኛው በነፋሱ ንባብ ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱ የሚሰላው ወደ ላይና ወደ ታች በሸሹት በሁለቱ ድግግሞሾች ከተገኘው ምልክት ድምር ስለሆነ እምብዛም አይነካም። ዘዴው ያማረው በዚህ ነው።

ወደ ሰማይ የሚላከው ብርሃን በማጉያ ጎልብቶ በአጫጭር ምቶች ይወጣል። የምቱ የድግግሞሽ ስፋት ግን በቀጥታ ሙቀቱን ይነካል። ማጉያው የሚያወጣው ምት ስፋቱ በግማሽ ቁመት 140 ሜጋኸርዝ ሆኖ ሳለ በስሌት ካልገባ ውጤቱ ወደ 3.5 ኬልቪን ከፍ ይላል። 140 ተብሎ የተያዘው በእርግጥ 170 ከሆነ ደግሞ ስህተቱ 1.5 ኬልቪን ገደማ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት ለማጉያው ኃይል የሚሰጠው ኤንዲ-ያግ የተባለው የክሪስታል ሌዘር በአንድ ድግግሞሽ መሥራቱን ማቋረጡ ነው። ያን ጊዜ የኃይሉ መዋዠቅ ምቱን ያሰፋዋል፤ ምቱ የሚገነባበት ጊዜም ስለሚረዝም ጉድለቱ በዚህ ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ምቶች ይጣላሉ። ማጉያው ራሱ ድግግሞሹን በጥቂት ሜጋኸርዝ እንደሚገፋም ይታወቃል፤ መጠኑ እንደ ቀለሙና እንደ ኃይሉ ይለያያል።

በ2002 የሃያ አራት ሰዓት ልኬት ተጀመረ። የቀኑን ብርሃን የሚያግደው ማጣሪያ ራሱ በማግኔት ውስጥ የተቀመጠ የሶዲየም ተን ነው። ሦስቱን ድግግሞሾች (የታሰረውንና ወደ ላይና ወደ ታች የሸሹትን) እኩል ስለማያሳልፍ የእያንዳንዳቸው ማለፊያ ለብቻው ተለክቶ በስሌት መስተካከል አለበት። መሣሪያው በ2010 ወደ ሎጋን፣ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል።