ዶሮ በታመመች ቁጥር አንቲባዮቲክ መበጥበጥ ይብቃ

«ዶሮዎቼን አመማቸው፤ ምን መድኃኒት ልስጣቸው?»

የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ ሁሌም ይደርሰኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ኩሳቸው ምን ይመስላል? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ተከትበዋል? አብዛኛው ሰው «እሱን እንኳን አላየሁም፤ ግን ቴትራሳይክሊን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ ዱቄት በጥብጬ ሰጥቻቸዋለሁ» ይለኛል። በጣም ሰልችቶኛል። ሰዎቹ ለዶሮዎቻቸው አያስቡም ማለቴ አይደለም፤ የሚሰጡት መድኃኒት ግን ለያዛቸው በሽታ አይደለም።

ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ዶሮ ከሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች ቀለል ያሉትን እንጨርስ።

«አውራ ዶሮ ከሌለ ሴቷ እንቁላል አትጥልም።» ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ነው።

«ላባዋ ረግፏል፤ ታማለች ማለት ነው።» ዓመት ያለፋት ዶሮ ላባዋን ትቀይራለች፤ በዚያ ሰሞን እንቁላልም ታቆማለች። እየበላችና እየተንቀሳቀሰች ከሆነ ፕሮቲን የበዛበት መኖ ስጧትና ተዋት። ላባው የተነሳው ከፊንጢጣዋ ዙሪያ ብቻ ከሆነና ቆዳዋ ከቀላ ግን ቅንቅን ወይም መነካከስ መኖሩን እዩ።

«ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ክትባትን ይተካል።» አይተካም።

«የእንቁላል ቅርፊት ከቀመሰች እንቁላሏን መብላት ትጀምራለች።» ቅርፊቱን አድርቃችሁ በደንብ ካደቀቃችሁት ችግር የለውም፤ ካልሲየም ታገኝበታለች። ተጠንቀቁ የምለው በሌላ በኩል ነው። ለእንቁላል ጣዮች የተዘጋጀው መኖ ካልሲየም ስለሚበዛበት የጫጩቶችን ኩላሊት ይጎዳል። «ያው መኖ ነው» ብላችሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት አታቅርቡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አንቲባዮቲክ ለማንኛውም የዶሮ በሽታ ይሆናል» የሚለው።

አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ፈንግል ደግሞ የሚመጣው በቫይረስ ነው። ዶሮዋ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ አረንጓዴ ውሃማ ኩስ ትጥላለች፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ እግሯና ክንፏ ይዝላል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ቫይረስ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። በራሷ አቅም የተረፈች አንዲት ዶሮ ስትኖር ግን ምስጋናው ለዱቄቱ ይሰጣል። ጎረቤትም ይሰማል፤ እሱም ገዝቶ ይበጠብጣል።

ጫጩቶችን ደም የሚያስቀዝነው ኮክሲዲዮሲስም እንደዚሁ በባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፤ የሚያመጣው አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። አንዲት አርቢ ጫጩቶቿ በየቀኑ እየሞቱባት ቴትራሳይክሊን ትሰጥ ነበር። መጠኑ አንሶ ይሆናል ብላም ጨምራለች። ቤቱ ስገባ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ተኮራምተዋል። ኩሱ ላይ ደም አለ። መጠጫው ሥር ያለውን ሰጋቱራ በእጄ አፍሼ ስጨምቀው ውሃ ወጣው። ተሕዋሲው ከኩስ ጋር ይወጣና ሌላዋን ጫጩት ለመያዝ የሚደርሰው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ባለበት ቤት በሽታው ይበረታል። ጉዝጓዙን አውጥተን ደረቅ አለበስን። መጠጫውንም ጠርዙ ከጫጩቶቹ ጀርባ እኩል እስኪሆን ከፍ አደረግን። የኮክሲዲዮሲስ መድኃኒት የሆነውን አምፕሮሊየም ሰጠናቸው፤ ሞቱም ቆመ።

አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን በመምሰል ተሕዋሲውን በማስራብ ነው። ስለዚህ «እንዲበረቱ» ብላችሁ በዚያው ሰሞን የቫይታሚን ቢ ዱቄት አትጨምሩ፤ ያከሽፈዋል። መጠኑንም ከማሸጊያው አታስበልጡ።

ያለቦታው የተሰጠ አንቲባዮቲክ ባይጠቅምም አይጎዳም የሚሉኝ አሉ። ይጎዳል። ቅሪቱ እንቁላሉና ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ልጆቻችሁ ይበሉታል። ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምድና በእውነት በሚያስፈልግ ቀን አልሠራ ይላል። ደግሞስ ክፉኛ የታመመች ዶሮ ውሃ በደንብ አትጠጣም። የበጠበጣችሁትን የሚጨርሱት ጤነኞቹ ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ለዩዋት። ሙቀት ያለው፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አድርጓት፤ ንጹሕ ውሃ አቅርቡላት። ከዚያ በእጃችሁ ያዟትና መርምሯት። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ከጎረበጣችሁ ችግሩ የትናንት አይደለም፤ ስትከሳ ሰንብታለች። ዶሮ ሕመሟን እስከቻለች ድረስ ትደብቃለች። አንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ጠዋት ከመብላቷ በፊት ዳብሱት። ባዶ መሆን አለበት። ሞልቶ ካደረ ምግቡ አልወረደም ማለት ነው። መዳፏን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት ካለ ቁስል ነው። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከገረጣ ማታ መብራት ይዛችሁ የቆጡን ስንጥቆች ፈትሹ። ደም መጣጩ ቀይ ቅንቅን ቀን ቀን ተደብቆ የሚውለው እዚያ ነው። ዶሮዋን ብቻ አክማችሁ ቆጡን ከተዋችሁት ተመልሶ ይወጣባታል። ይህን ሁሉ አይታችሁ ለሐኪም ብትነግሩ፣ የሚታዘዝላችሁ መድኃኒት በግምት አይሆንም።

«ክትባት አስከትቤ ነበር፤ አልሠራም።» ይህም ያበሳጨኛል። መቼ ተከተቡ ስላቸው ሦስቱ ከሞቱ በኋላ ይሉኛል። ክትባት በሽታ አያድንም። አስቀድሞ ተሰጥቶም መከላከያ ለመገንባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በየጊዜውም ይደገማል። አያያዙም ወሳኝ ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ፀሐይ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ከዋለ አበቃለት። በውሃ የሚሰጠው ሕያው ክትባት ደግሞ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ይሞታል። ክሎሪን የሌለው ውሃ ካጣችሁ በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ቀድማችሁ አሟሙበት። ዶሮዎቹን ጥቂት አስጠምታችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲጨርሱት አድርጉ።

«አዲሷ ዶሮ ጤነኛ ናት፤ ከሌሎቹ ጋር ትግባ።» ፈንግል ተሸክማ ምልክት ሳታሳይ እስከ 15 ቀን ልትቆይ ትችላለች። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ ከተቻለ አራት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። መኖና ውሃም ከነባሮቹ በኋላ ስጧት፤ ከእሷ ስትመለሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጫማ ቀይሩ።

የመጨረሻው «ሳትሞት ቶሎ አርደን እንብላት» የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሰው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ የታመመች ዶሮ አርዶ መንጨትና መበለት ነው። አንቲባዮቲክ ስትወስድ የሰነበተች ከሆነ ቅሪቱም ሥጋዋ ላይ አለ። ዶሮዎቻችሁ ባንድ ጊዜ ተከታትለው ከሞቱ የተረፉትን አትሸጡ፣ ለዘመድም አትስጡ። የሞቱትን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሯቸው፤ ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ።